ኖሮ

ድንጋዩን መርሳቱንስ ይቅር ብላዋለች። ሰው ነው፣ ይረሳል። ይቅር ያላለችው አፉን ነው።

ባሏን በዚሁ የእህል መጋዘን ግቢ፣ ከዚሁ ግድግዳ ጋር መኪና ያጣበቀው ጊዜ፣ መኪናውን ተዳፋቱ ላይ ከጎማው ሥር ታኮ ሳያስገባ አቁሞት የሄደው ሾፌር የባሏ ታላቅ ወንድም ነበር። ገና ሬሳው ሳይነሳ፣ «ቀኑ ነው፤ የማይቀር ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ የሟች ስም በተነሳ ቁጥር ይህንኑ ይላል፤ ሰውም አንገቱን እየነቀነቀ ይቀበለዋል። እሷ የጆንያ አፍ ስትሰፋ ውላ ስትሰፋ ታድራለች፤ መርፌዋን በሰካች ቁጥር በሆዷ «ይቀር ነበር» ትላለች። አንዲት ድንጋይ ከጎማው ሥር ብትገባ ኖሮ ይቀር ነበር። ሰውየውን ዕድሜውን መንፈጉ ሳያንስ «ኖሮ» የምትባለውን ቃል እንኳ ነፈጉት።

ዛሬም ሾፌሩ ያንኑ መኪና እስከ ጭነቱ ቁልቁል፣ በጀርባው ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አቁሞ ወረደ። ለምሳ ሊወጡ የተነሱት ተሸካሚዎች በአጠገቡ ሲያልፉ፣ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ሾፌር፣ ታኮውስ?» አለው።

«ቀን የመጣ ለታ ድንጋይ አያስቀረውም» አለና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቧንቧው ሄደ።

«ታኮ ከሌለ ችኮዋን እናስገባበት!» አለ አንዱ። ችኮ የሚሏት እሷን ነው፤ አንዴ ካለች አለች ነውና። እየተሳሳቁ ከበሩ ወጡ።

እሷ አልሳቀችም። መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብስባ በመኪናው ጀርባና በግድግዳው መካከል ገባች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች።

ሾፌሩ ፊቱን እየጠረገ ቀና ሲል አያት።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«ቆሜያለሁ።»

«ውጪ! የእጅ ፍሬኑ እኮ አይታመንም!»

«እሱን መቼ አጣሁት፣ ጋሼ? እርስዎስ መቼ አጡት?»

«ውጪ ብያለሁ! አብደሻል እንዴ?»

«ምን አስፈራዎት? ቀኔ ከሆነ ብወጣም አይቀርልኝም። ካልሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ ኩንታል ጫፌን አይነካኝም። የራስዎ ቃል ነው።»

«እሱ ሌላ ነው!»

«ምኑ ነው ሌላ? ቁልቁለቱ ያው። ግድግዳው ያው። ሾፌሩም፣ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ያው። የቆመው ሰው ብቻ ተቀየረ።»

መኪናው ጓ አለ።

ከጆንያዎቹ አቧራ ረገፈባት። ክንድ ያህል የነበረው ክፍተት ስንዝር ለመሆን ምንም አልቀረው። እውነቱን ለመናገር፣ ይነቃነቃል ብላ አላሰበችም ነበር። ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። አሁንስ በቃ፣ ልውጣ አለች በልቧ፤ እግሯ ግን እንደ ባለቤቱ ችኮ ነው፣ እምቢ አለ።

ሾፌሩ ወደ ጋቢናው ሊሮጥ ዞረ።

«ጋቢናው ላይ ከወጡ ይወዛወዛል» አለችው። ድምጿ ቀጥኗል።

ያውቃል። እጁ የበሩ መያዣ ላይ እንደደረሰ ቀረ። ዓይኑ ግቢውን ዳበሰ። ድሮ ታኮ ይሉት የነበረው ድንጋይ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ክቡም ጠፍጣፋውም፣ ጎማ ሥር እስከ ገባ ድረስ ታኮ ነው ስሙ። ከቧንቧው ሥር፣ አሁን ቆሞበት ፊቱን ሲታጠብ የነበረውን ድንጋይ አየ። በረረ። እርጥቡን ድንጋይ ታቅፎ፣ እያለከለከ መጥቶ በጉልበቱ ተደፋና ከኋላው ጎማ ሥር ወሸቀው። በመዳፉ መታው፤ ደግሞ መታው። መኪናው አንዴ አቃሰተና ድንጋዩ ላይ ተደገፈ።

እሷ አልወጣችም።

«ለምን አደረጉት?»

«እንዴት ለምን? ብትሞችስ!»

«ቀኔ ከሆነስ?»

«ምን ቀን ቀን ትዪብኛለሽ፣ አንቺ ሴትዮ! ይሄን ድንጋይ ባላደርገው ኖሮ እኮ…»

አፉ ተከፍቶ ቀረ። ካለው በኋላ ነው የሰማው።

«ጨርሰው» አለችው። በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም።

እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አያት። ከግንባሩ የሚወርደው የቧንቧው ውኃ ይሁን ላብ አይለይም።

«ባላደርገው ኖሮ… ሞተሽ ነበር።»

«አሁን ገልብጠህ ንገረኝ። የእሱን።»

ያልተዘጋው ቧንቧ ይፈስሳል። ሾፌሩ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ ድንጋዩ ላይ ጣለ።

«ያን ለታ» አለ፣ «ያን ለታ ባደርገው ኖሮ…» ድንጋዩን በመዳፉ ተጫነው። «ወንድሜ ይኖር ነበር።»

ጀርባዋን ከግድግዳው አላቀቀች። በጎን ተሹለክልካ ወጣች፤ ቀሚሷ ላይ የግድግዳው ኖራ ታትሟል። ሄዳ ቧንቧውን ዘጋች። ጆንያዋ ፊት ተቀምጣ መርፌዋን ነቀለች።

«ይነሱ እንግዲህ፣ ጋሼ» አለችው። «ልብስዎ ቆሸሸ።»

አልተነሳም። መኪናው ከቆመ ቆይቷል፤ እሱ ግን በጉልበቱ እንደተደፋ፣ በሁለት እጁ ድንጋዩን ወደ ጎማው ይገፋል።