ራዶሚር አይተነፍስም

ሞራቫ ወንዝ ውስጥ ትንፋሼን ይዤ ስጠልቅ ዓሦቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው እንደሚበተኑ ወረዳው በሙሉ ያውቃል። በአንድ ክረምት አንድ ሙሉ አሳማ ብቻዬን እንደምጨርስም ያውቃል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ልቤን በሲቲ ስካን ማሽን ፎቶ እንዲያነሱት የላከኝ። የልቤ ደም ስር ጠቦ ከተገኘ ደረቴ ሊከፈት ነው። እኛ ዘንድ ሆስፒታል ባዶ እጅ አይገባምና፣ ለማሽኑ ባለሙያ ለዴሳንካ አንድ ጣሳ የአሳማ ሞራ ይዤላት ሄድኩ።

"ትንፋሽ ይያዙ" አለ የማሽኑ ድምፅ። ያዝኩ።

ዴሳንካ ከመስታወቱ ማዶ ሆና ተቆጣች። "ጋሽ ራዶሚር፣ ተነፈሱ እኮ! ምስሉ ተበላሸ።"

"እኔን ነው? ሂጂና ዓሦቹን ጠይቂ!"

"ዓሦቹ ይቆዩና አፍዎን ይዝጉ።"

ደገምነው። አሁንም ተነፈሱ አለችኝ። አፌን የሻገተ ሞራ ጣዕም ሞላው፤ ምላሴ በቅባት ተለወሰ።

በሦስተኛው ዴሳንካ ከጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጧን ታጥቃ አጠገቤ ቆመች። በአንድ እጇ አፍንጫዬን ቆነጠጠች፤ በሌላው አፌን ከደነች።

"አሁን እንተያያለን፣ ጀግናው!"

"ትንፋሽ ይያዙ" አለ ማሽኑ።

ዓይኔ እስኪፈጥ ድረስ ያዝኩ። ደረቴ ግን ያለ እኔ ፈቃድ በዝግታ ተነሣ፤ በዝግታም ወረደ። ዴሳንካ እጇን እንደተቃጠለ ሰው መነጨቀችው። መዳፏ ላይ ለብ ያለ ነጭ ሞራ ተለጥፏል።

እኔ ገና አልተነፈስኩም ነበር።