ከባዶቹ መልእክቶች

የሥራ አስኪያጁ የአቶ ገዛኸኝ ኢሜይል ለመከፈት ሩብ ሰዓት እየፈጀ ቢያስመርራቸው የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ትርሲትን አስጠሩ።

«የቆየ መልእክት ተከማችቶበት ነው» አለች ወንበራቸው ላይ ተቀምጣ። «ትልልቅ ፋይል የተያያዘባቸው ቢሰረዙ ይፈጥናል።»

«ከከባዱ ጀምረሽ ሰርዢዋ» አሉና ስልካቸውን መነካካት ያዙ።

ትርሲት መልእክቶቹን በክብደታቸው ደረደረቻቸው። ከላይ የመጡት ሰባቱ ከአንድ ሰው የተላኩ ናቸው፤ አንዱም አልተከፈተም። ያከበዳቸው አብሯቸው የተላከው የራጅ ፎቶ ነው። ላኪዋ ራሷ ትርሲት ነበረች። ጅማ የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ባሏን እንድታስታምም ወደዚያ ቅርንጫፍ እንዲያዛውሯት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምን የጻፈቻቸው ናቸው።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

«ያልተነበቡ የዝውውር ጥያቄዎች አሉ።»

«እሱንማ መቼም አላነበውም። ሰርዢው።»

ሰባቱንም ሰረዘቻቸው። ከዚያ የቀሩትን ከባድ መልእክቶች አጽድታ ኢሜይሉን ዘግታ ስትከፍተው ወዲያው ተከፈተ።

አቶ ገዛኸኝ ፊታቸው በራ። «እንዳንቺ ያለ ባለሙያማ» አሉ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ፣ «ለየትኛውም ቅርንጫፍ አሳልፌ አልሰጥም።»