ሦስት ቋጠሮ

ቄስ ወልደ ጻድቅ ታናሽ ወንድማቸው ይርዳው በሰጣቸው ኩላሊት ድነው ሰቆጣ ከተመለሱ ወር ሆናቸው። ሐኪሙ አዲስ አበባ ላይ ሲያሰናብታቸው፣ ኩላሊቱ ሲተከል ሐኪሞቹ ከላዩ ቆንጥረው ያስመረመሩትን ናሙና ውጤት ደጋግሞ አይቶ ነበር። «እንዲህ ያለ ለውጥ የምናየው ሰው ከሞተ በኋላ በወጣ ኩላሊት ላይ ነው» አላቸውና፣ «ናሙናው ተቀያይሮ ይሆናል» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

ዛሬ ማለዳ ቄሱ በርትተው ከወንድማቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ይርዳው ከሐኪም ቤት ከወጣ ወዲህ፣ እግሬን በረደኝ እያለ ካልሲውን አውልቆ አያውቅም። ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣

«ካልሲውንም አውልቀው እንጂ፣ ጭቃ ነክቶታል» አሉት።

አወለቀ። ከሁለቱም አውራ ጣቶቹ ላይ የተበጠሰ ነጭ ፈትል ተንጠልጥሏል።

ቄሱ ሬሳ ሲገንዙ የእግሩን አውራ ጣቶች አጣምረው በፈትል ያስራሉ። በሥላሴ ስም ሦስቴ የሚቋጥሩት በአገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። የይርዳው ፈትል ሦስት ቋጠሮ ነበረው።

«ማን ነው ያሰረህ?» አሉት ቀስ ብለው።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ አባ፤ ሕመሙ አስረስቶዎት ነው» አለ ይርዳው። «እስኪድኑ ብዬ ነው የቆየሁት።»