ሁለቱም ያልደረቁት ማሽላዎች

ዶክተር ሩት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የእትዬ ናፊሳ ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ማሽላ ጎን ለጎን አዘራች። በአንዱ በኩል ድርቅ ይችላል የተባለው አዲሱ ዘር፣ በሌላው በኩል ነባሩ። ዝናብ ሲጠፋ ነባሩ ይደርቃል፣ አዲሱ ይቆማል፤ ሰውም አይቶ ያምናል። ሙከራው ይኸው ነበር።

«ተክልም ዘመዳሞች የሆኑ ዘረመሎች አሉት» ብላ ለመንደሩ አስረዳች። «አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሙቀትና ጥም ሲመጣ ተጠራርተው ይነሳሉ።»

«ደግ ዘመዶች ናቸው» አሉ እትዬ ናፊሳ። «የኛዎቹ የሚጠራሩት ለድግስ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሩት ወደ ቤተ ሙከራዋ ተመለሰች።

ዝናቡ እንደተፈራው ቀረ። ቆላው ነደደ። የመስኖው ቦይ ተሰነጣጠቀ፤ እትዬ ናፊሳም የሚጠጣ ውሃ ከሩቅ በአህያ ማስጫን ጀመሩ።

ከሁሉ የተጨነቀው ግን የማሳው ጉብኝት አስተባባሪ ተመስገን ነበር። ሙከራውን ለማየት ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ባነሩ በየት በኩል እንደሚሰቀል ለማየት በባጃጅ እስከ ማሳው ድረስ ይመላለስ ጀመር።

«ዶክተር፣ ምንም አያስቡ» ይላታል በስልክ። «እንግዳ ፊት አናፍርም።»

የጉብኝቱ ዕለት ሩት ከእንግዶቹ ጋር ደረሰች። የአካባቢው ማሽላ ሁሉ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቆሟል። የሙከራው ማሳ ግን በሁለቱም በኩል ለምልሟል። እንዲያውም ነባሩ ይበልጣል።

«የቱ ነው አዲሱ?» አሉ አንድ እንግዳ።

ሩት በጣቷ አሳየች። ሰውየው ነባሩን ፎቶ አንስተው ሄዱ።

የቅጠሉ ምርመራ ደግሞ ይበልጥ ግራ አጋባት። በአዲሱ ዘር ውስጥ ያ የዘረመል ቤተሰብ አንድም ሳይቀር ተነስቷል። በነባሩ ውስጥ ጭጭ ብሏል፤ የድርቁን ወሬ እንኳ የሰማ አይመስልም።

ውሃ ጠጥቶ ነው እንዳትል፣ ውሃ የለም። ስለዚህ የነባሩ ዘር ተቀይሯል አለች። ዘሩን ያስቀመጡት፣ የዘሩትም እትዬ ናፊሳ ናቸው።

ስብሰባ ተጠራ። ተመስገን መሃል ተቀመጠ።

«ወላሂ፣ የሰጣችሁኝን ነው የዘራሁት» አሉ እትዬ ናፊሳ። «ምን ብዬ እቀይራለሁ?»

«እትዬ፣ ተቀይሯል ያሉት እኮ ዶክተር ናቸው» አለ ተመስገን፣ ከልቡ አዝኖ። «ሳይንስ ይዋሻል እንዴ?»

እትዬ ናፊሳ ሩትን አዩዋት። «አንቺስ ልጄ፣ ታምኛለሽ?»

ሩት ዓይኗን ወደ ምርመራው ወረቀት መለሰች።

ማሳው ከሙከራው ወጣ፤ እትዬ ናፊሳም ለከርሞ የሚታደለውን ዘር ተከለከሉ። ተመስገን ስለ ታማኝነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ ለደቦ የሚጠራቸው ጠፋ። ልጃቸውን ለማጨት ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎችም በዚያው ቀሩ። እትዬ ናፊሳ ገበያ ሲወጡ ፊታቸውን በሻሻቸው መሸፈን ጀመሩ።

ሩት የዓመታት ልፋቷን «በገበሬ ተንኮል የተበላሸ» ብላ ዘጋችው። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። የሴትዮዋ ዓይን ፊቷ ላይ ይደቀንባታል።

በተከታዩ ዓመት ሙከራው ካራቆሬ አጠገብ ወዳለ ማሳ ተዛወረ። ሩትና ተመስገን ቦታውን ለማየት አብረው በመኪና ወጡ። መንገዱ ሲጋመስ ሩት፣

«ዘንድሮም እንዳምናው ቢሆንብኝስ?» አለች። «ሌላ እድል የለኝም።»

ተመስገን እንደ ታላቅ ወንድም ፈገግ አለላት።

«እኔ እያለሁልዎት ዶክተር? ዘንድሮም በድርቁ ጠውለግ ያለውን መደብ እየለየሁ፣ እንዳምናው በመንገድ ሠሪዎቹ የውሃ ቦቴ አስጠጣልዎታለሁ።»