የማትከዳዋ ሽጉጥ

ሽጉጥ የሚይዝ ሰው የሚፈራውን ለይቶ የሚያውቅ ይመስላችኋል?

መምህርቷ አውቃለሁ ትል ነበር። ባሏ ታሞ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ልጅ አልወለዱም። የተረፋት አንድ ቤት ነው፤ ከፊት ሦስት ክፍል፣ ከጓሮ አንድ። በጓሮው ክፍል የባሏ ወንድም ይኖራል። በያጅ ነው። ቤቱ የአባቴ ነው ብሎ ከሷታል፤ ከቀብሩ ወዲህ ዓይኗን አይቶ ሰላም ብሏት አያውቅም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ገና በፀሐይ፣ ድልድዩ አጠገብ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ሁለት ጊዜ ጠበቃት። በመጀመሪያው ቀን ገፍትሮ ጣላት፤ መኪና ሲመጣ ሸሸ። በሁለተኛው ገመድ አንገቷ ላይ አጠለቀ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እጁን ነክሳ አመለጠች። በማግስቱ በያጁ ግራ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ብቅ አለ። ብየዳ አቃጠለኝ አለ። ለፖሊስ ብታመለክት ምስክር አምጪ አሏት።

ሦስተኛው ቀን እንደማይስታት ገባት። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ፈቃድ አወጣችና ሽጉጥ የሚሸጥና የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄደች። እናቷ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከተለቻት። እናቷ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ አብራት ነው የምትኖረው።

ጠጋኙን ሰፈሩ «ሞላ» ይለዋል፤ ሽማግሌ ነው፣ ግን እንደ ሞላ ሽቦ ይፈናጠራል፤ ተቀምጦ ታየዋለህ፣ ዞር ስትል ቆሟል። መምህርቷ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ወደሚያብረቀርቅ ባለ ካዝና ሽጉጥ ስትጠቁም እጇን በቀስታ መለሰው።

«እሷን ተያት፣ ልጄ። እሷ ሙሽራ ናት፤ አቧራ ሲነካት ታኮርፋለች። አንድ ዕቃዋ ቢሰበር ከባሕር ማዶ ካልመጣ አይገኝም።» ከመሳቢያ አሮጌ ስድስት ጎራሽ አወጣ። «ይቺ ግን አህያ ናት። ብትወድቅም ትነሳለች። አራት ብሎን ነው ያላት፤ እኔ ብሞት ማንም ብረት ቀጥቃጭ ይጠግናታል። በየቀኑ ለሚይዝ ሰው ቁንጅና ምን ይሠራል? ብዙ ዕቃ ያለው ብዙ ይከዳል።»

ደንብ ነበረው። ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ካልገጠማት አያስረክብም። ስለዚህ ሦስት ቀን ተመላለሱ። መምህርቷ ትፈታለች፣ ትገጥማለች፣ ብሎን ይወድቅባታል። እናቷ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የወደቀውን ትለቅማለች። ጠጋኙ የጥይቱን ቂጥ የምትመታዋን ትንሽ መርፌ አንስቶ፣ ይቺ ከሌለች የያዝሽው የበር መዝጊያ ነው አለ፤ በየሳምንቱ እያት ብሎም ትርፍ መርፌዎች ሞርዶ ሰጣት። ለእናትየዋም፣ እርስዎም ይሞክሯት እንጂ አላት።

«በዚህ ዕድሜዬ ማንን ልገድልበት?» አለች። ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ መምህርቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሽጉጧን በቦርሳዋ፣ በፈተና ወረቀቶች ሥር ይዛ ድልድዩን ትሻገር ጀመር። ጀርባዋ ቀና አለ። ቅዳሜ ጠዋት ፈትታ ትወለውላታለች። እሑድ ከሰፈር ስለማትወጣ ሽጉጧ መሳቢያ ውስጥ ትውላለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ስትፈታት የመርፌዋ ጫፍ ተሞርዶ አጥሯል። አምስት ቀን ሙሉ የተሸከመችው ባዶ ብረት ነበር። መርፌውን ቀየረች። በሦስተኛው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። ለጠጋኙ ብትነግረው፣ አህያ የራሷን ጥርስ አትሞርድም፣ ሰው ነው አላት።

በዚያ ግቢ ሞረድ ይዞ የሚውል አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ሰበሰበች፤ ግቢውን ልቀቅ ብለው ፈረዱበት፤ በያጁም የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

«ቤቱን የምፈልገው በዳኛ ፊት ነው። አንቺን ምን አደርግሻለሁ?»

ዘጋችበት። ለመሳቢያው አዲስ ቁልፍ አስገጠመች፤ ቢጠፋብኝ ብላ አንዱን መክፈቻ ለእናቷ ሰጠች። እናቷ ያን ምሽት እራት አልቀመሰችም። ለሰው ልጅ አዝኜ ነው አለች።

መምህርቷ ታላቅ ወንድሟ ናፈቃት። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በፊት እሑድ እሑድ ምሳ ይመጣ ነበር፤ ያስቃታል፣ ቤቱን ሽጪውና ተገላገይ፣ ለሁላችንም ይበቃል ይላታል። አሁን ግን ከወር በላይ ሆነው። እናቷ ሩቅ መንገድ ሄዷል፣ ሰሞኑን ይመለሳል አለቻት። እሱ ቢኖር ድልድዩን ያሻግረኝ ነበር ብላ አሰበች።

በቀጣዩ እሑድ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ጥግ ላይ ስትደርስ ገንዘብ እንዳልያዘች ትዝ አላትና ተመለሰች።

እናቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግታለች። አራቱ ብሎኖች በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ በተራ ተደርድረዋል፤ ልክ ጠጋኙ እንዳስተማረው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ መርፌዋን ትሞርዳለች።

መምህርቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰው ገድዬ እንዳልታሰር ፈርተሽልኝ ነው፣ አይደል እማዬ? ለእኔ ብለሽ ነው።»

እናቷ ብናኙን እፍ አለች። ቀና ብላ አላየቻትም።

«አንቺማ ሮጠሽም ጮኸሽም ታመልጫለሽ። ጥይት ግን ማን ያመልጣል? ወንድምሽም እኮ ልጄ ነው።»

«ይቅር አልልም» አለች መምህርቷ። «እሱንም፣ አንቺንም፣ ማንንም።»