ጄሶ ብቻውን አይበቃም

ኤሌክትሪሺያኑ በታላቅየው ወንድም ቤት አዲሱን ሽቦ ሲቀብር መሰርሰሪያው አመለጠውና ግድግዳውን በስቶ ወዲያ ማዶ ወጣ። ወዲያ ማዶ የሚኖረው ደግሞ የአባታቸውን ቤት ለሁለት ከተካፈሉ ወዲህ ዓይንህን ላፈር የተባባሉት ታናሽ ወንድሙ ነው። ታላቅየው እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ይነሣል፣ ይቀመጣል። በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን እንኳ የሚሰልለው መሰለው። የትኛው ቶሎ እንደሚደፍነው መምረጥ አቅቶት ከሱቅ ጄሶም፣ ስቱኮም፣ ሲሚንቶም ተሸክሞ መጥቷል። በመጨረሻ ፈጣኑን ጄሶ በጠበጠና በስፓቱላ ዝቆ ወደ ቀዳዳው ተጠጋ።

«ጋሼ» አለ ከወዲያ ማዶ ድምፅ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ያ ነጩ ጄሶ ከሆነ አይሆንም። ቀዳዳው ጥልቅ ነው፤ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። መጀመሪያ በሲሚንቶ ይሞላ፤ ስቱኮው ከላይ ነው።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።» ታናሽየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲሚንቶ ግን አለ?»

ጄሶው ስፓቱላው ላይ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ታላቅየው አጠገቡ የቆመውን የሲሚንቶ ከረጢት አየት አደረገና ድምፅ ሳያሰማ በእግሩ ወደ አልጋው ሥር ገፋው።

«የለኝም። አንተ ካለህ ይዘህ ና፤ በሩ ክፍት ነው» አለና፣ የበሩን ቁልፍ ፍለጋ ተሯሯጠ።