የደዋዩ ቤት

ሰዎቹ የአጥሩን በር ገፋ አድርገው ሲገቡ ሎሚ ከመደቡ አልተነሣችም። የበርበሬ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አመቻችታ ቅንጠሳዋን ቀጠለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንግዳ የምትቀበለው ቆማ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ መደብ የሚያስነሣት ምድራዊ ኃይል አልነበረም።

"አዴ ሎሚ፣ አካም ቡልቴ?" አለ ከፊት የመጣው ተረፋ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም።

"ናጋ፣ ተረፋ። ናጋ።"

"እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ። ጓድ ተድላ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ ናቸው። ለሕዝብ ቆጠራው የጨለለቂን ቤት ሁሉ ካርታ ላይ ያስቀምጣሉ።"

"እያንዳንዱን ቤት በነጥብ፣ እትዬ" አለ ተድላ ፈገግ ብሎ። "ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ማንም እንዳይዘለል።"

ማንም እንዳይዘለል! በዚህ ዘመን ከመዘለል የበለጠ ምን ጸጋ አለ? ፈገግታውንም አልወደደችለትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ባሏን ዳዲን ሊወስዱት የመጡትም እንዲሁ ፈገግ ብለው "ላንዳፍታ ትፈለጋለህ" ነበር ያሉት። ላንዳፍታው ይኸው አራተኛ ወሩን ይዟል።

"የደዋዩ ቤት ነው ይሄ" አለ ተረፋ፣ እሷ እንደሌለች ሁሉ። "ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ንብረቱ ሲመዘገብ ደወሉ ጠፋ። ደወል ማለት የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ ሲመቱት እስከ ገበያው ይሰማል። ዳዲ ያለበትን አላውቅም ብሎ ፈርሟል። ቅዳሜ በዋስ ሊለቁት ነው አሉ።"

"ይልቀቁት እንጂ፣ የማያውቀውን ከየት ያመጣል?" አለች ሎሚ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቸርኬው ከተቀመጠችበት መደብ ሥር ነበር። ዳዲ ራሱ ቆፍሮ ቀብሮት፣ በጭቃና በእበት ለስኖት፣ "ሰው ከመጣ ከዚህ እንዳትነሺ" ብሏታል። ከተገኘ ፊርማው ውሸት ሊሆን ነው፤ ያን ጊዜ ቅዳሜም የለ፣ ፋሲካም የለ።

ተድላ "የቤቱ ነጥብ የሚያዘው ከበራፉ ነው" አለና መጥቶ መደቡ አጠገብ ቆመ። ከደረት ኪሱ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ክብ ነገር አውጥቶ ክዳኗን ከፈተ። ከመስተዋቷ ሥር ጫፏ የቀላ መርፌ ትንቀጠቀጣለች።

"ምንድነው የምታሸተው?" አለች ሎሚ።

"አታሸትም፣ እትዬ። ኮምፓስ ናት፤ ሰሜንን ብቻ ነው የምታሳየው።"

ቀለበቷን አዙሮ አስተካከለና መርፌዋ እስክትረጋ ጠበቀ። መርፌዋ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣ በመጨረሻም ዞራ የሎሚን ጉልበት አሳየች።

ሎሚ ክው አለች። ተድላ መዝገቡን ገልጦ አየ። "ከጎረቤት ደጅ ሰሜን በአጥሩ በኩል ነበር። ሃያ እርምጃ ብመጣ ወደዚህ ሊዞር አይችልም" አለ። ሰዓቱን ፈታ፤ ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ፤ ባለ ዘለበቱን ቀበቶ ፈታና ሁሉንም አጥሩ ላይ አንጠለጠለ። ተመልሶ በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በአንድ እጁ ኮምፓሱን ይዞ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ሎሚ በሳቅ ትፈርስ ነበር። መርፌዋ አሁንም ጉልበቷን አሳየች።

"እዚህ ብረት አለ" አለ ተድላ ለራሱ።

"የምን ብረት?" ተረፋ አንገቱን አሰገገ። እስካሁን ሲያዛጋ የነበረው ሰውዬ ድንገት ነቃ።

የሎሚ ጣቶች በርበሬው ውስጥ ቀሩ። ፈራች፤ ዳዲን የወሰዱት ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ያ ዋቃዮ፣ አለች በልቧ፣ ቅዳሜን ብቻ አሳልፍልኝ።

ተድላ ቀና ብሎ አያት። ቀጥሎ በርበሬው ውስጥ የቀረ እጇን አየ፤ ከዚያም መደቡን። ዘወር አለና ተረፋ ላይ ጮኸበት።

"ያንተው ጠመንጃ ነዋ! ይህን ሁሉ ብረት ተሸክመህ አጠገቤ ቆመህ መርፌዋ እንዴት ትሥራ? በል አጥሩ ጋ ሂድልኝ።"

ተረፋ እያጉረመረመ ሄደ። መርፌዋ ትንሽ ተወዛወዘችና ተመልሳ ጉልበቷ ላይ ቆመች።

"ተስተካከለች?" አለ ተረፋ ከአጥሩ።

"ተስተካከለች።" ተድላ ግን መርፌዋን አላያትም። በጎረቤቱ ቤት የጻፈውን አየት አደረገና ከሥሩ ያንኑ ቁጥር ጻፈ።

ሎሚ አላመነችውም። የማያውቃትን ሴት ብሎ ራሱን አደጋ ላይ የሚጥል የመንግሥት ሰው የት አገር አለ? ነገሩን ይዞ ሄዶ ለበላዮቹ ሊያቀርብ ነው እንጂ። ሰውዬው ቀበቶውን ታጥቆ ሊሰናበታት ጎንበስ አለ።

"እትዬ፣ መደቡ በግራዎ በኩል ጠርዙ ተሰንጥቋል። ዛሬውኑ ይለስኑት።"

"ደኅና ነው። አልተሰነጠቀም።"

ወጥመድ ነው! እንድትነካው፣ ቦታውን በገዛ እጇ እንድታሳየው ነው የፈለገው። ወደ ግራዋ ዞር እንኳ አላለችም። ሰዎቹ ወጡ። ተረፋ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አያት፤ ተድላ አልዞረም።

ቅንጠሳዋን ቀጠለች። ድምፃቸው ከታችኛው ቤት "ውሻ ያዙ!" ሲል ከሰማች በኋላ ነው፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ እጇን ቀስ አድርጋ በጠርዙ ላይ የሰደደችው። ጣቶቿ ስንጥቁ ውስጥ ጠለቅ ብለው ገቡ።

እጇ ቀልቶ ወጣ። በርበሬ መስሏት ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ አልለቅም አላት። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ዝገት ነበር።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ጭቃ ልታቦካ ተነሣች።